«ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን»፦ የአነስተኛ ነጋዴ ሰዓት የት ይሄዳል?

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ መደብሮች ዛሬ ሁለት ሁለት በር አላቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ወደ አስፋልቱ የሚከፈተው ነው፤ ሌላው በባለሱቋ እጅ ያለው ስልክ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል። ሁለተኛው የመዝጊያ ሰዓት የለውም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከሜሪላንድ፣ ንጋት ላይ ከሪያድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከሲኤምሲ «ይሄ ስንት ነው?» የሚል መልእክት ያስገባል። ልክ የምትለካው፣ ከሸማኔው ጋር ስለ ጥለቱ የምትነጋገረው፣ ጥልፍ ሠሪዎቹን የምትከታተለው፣ ቀብድ የምትቀበለው፣ ፎቶ የምታነሣውና ለዚህ ሁሉ መልእክት መልስ የምትጽፈው ግን አንዲት ሴት ናት፤ ቢበዛ ከእህቷ ወይም ከአንዲት ረዳት ጋር።

ለእንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው። በየቀኑ ለጥፉ፣ በሁሉም መድረክ ላይ ተገኙ፣ ሰሞነኛውን ዜማ ተከተሉ ይባላል። ምክሩ ፎቶ አንሺ፣ ጽሑፍ አዘጋጅና የማስታወቂያ ባለሙያ ቀጥሮ ለሚያሠራ ድርጅት ስሕተት ላይሆን ይችላል። አንድ ሰው ሁሉንም በሚሠራበት ሱቅ ግን ለቪዲዮ የዋለው ሰዓት ከስፌቱ፣ ለመልእክት የዋለው ሰዓት ከእንቅልፍ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ለአነስተኛ ነጋዴ ስልት ማለት ከሁሉ በፊት የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ምን እንደሚለጥፍ ከመወሰኑ አስቀድሞ ሰዓቱ አሁን የት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ብዙዎች ሰዓታቸውን የሚበላው መለጠፉ ይመስላቸዋል። እንደ እኔ ግምት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣው ነው፤ በተለይም ሁላችንም የለመድነው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያስከትለው ሥራ።

በቀን ሁለት ሰዓት

በአገራችን የቴሌግራም ቻናሎችና የፌስቡክ ገጾች ላይ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለውን ያህል የተለመደ ዓረፍተ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ገዢዎች ያማርሩበታል፣ ይቀልዱበታልም፤ ሻጮች ግን አይተዉትም። ዓረፍተ ነገሩ ለሻጩ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ለማየት ያህል አንድ ስሌት እንሥራ። ከተለጠፉት ቀሚሶች ተነሥቶ በቀን ሠላሳ ሰው ዋጋ ጠየቀ እንበል። ሰላምታው፣ ጥያቄው የትኛውን ቀሚስ እንደሚመለከት ማጣራቱ፣ ዋጋውን መጻፉና «ትንሽ አይቀነስም?» ለሚለው መመለሱ ለእያንዳንዱ ጠያቂ አራት ደቂቃ ቢወስድ 120 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደ። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ 12 ሰዓት ነው፤ አንድ ቀን ተኩል የሚሆን የሥራ ጊዜ መሆኑ ነው። ከሠላሳዎቹ ሃያ አምስቱ ዋጋውን እንደ ሰሙ ዝም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ከ120ው ደቂቃ 100ው የዋለው ዋጋው ፊት ለፊት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውን ከመጀመሪያውም ለማያነሡ ሰዎች ነው።

ኪሣራው በሰዓት ብቻ አያበቃም። ሃያ አምስቱን ስትመልስ የቆየች ነጋዴ ለመግዛት ቁርጥ ሐሳብ ላደረጉት ለአምስቱ የምትደርሰው ዘግይታ ነው። በስልክ የሚገዛ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሦስት ከአራት ሱቅ ጋር ይነጋገራል፤ ቀድሞ ልኩን የጠየቀውና የሚረከብበትን ቀን የነገረው ሱቅ ቀብዱን ይወስዳል። እንግዲህ ዋጋ መደበቅ ገዢን ወደ ውይይት ለመሳብ የታሰበ ቢሆንም በተግባር ግን ትክክለኛውን ገዢ ሰልፍ ያስይዘዋል።

ይሁንና ነጋዴው ዋጋውን የሚደብቀው ያለ ምክንያት ስላልሆነ ምክንያቶቹን በቅንነት ማየት ይገባል። አንደኛው የተፎካካሪ ስጋት ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ጠዋት የተለጠፈ ጥልፍ ውሎ ሳያድር በጎረቤት መስቀያ ላይ ሊታይ እንደሚችል የማያውቅ የለም፤ ዋጋው ሲታከልበት ጎረቤት በመቶ ብር ዝቅ አድርጎ ይሸጣል የሚለው ፍርሃት ከዚህ ይመነጫል። ነገር ግን ዋጋ ማወቅ የፈለገ ተፎካካሪ በሌላ ስም ገብቶ እንደ ገዢ መጠየቅ አያቅተውም። በውስጥ መስመር የተሰጠ ዋጋ ከታማኙ ደንበኛ እንጂ ከጎረቤት አይሰወርም።

ሁለተኛው ምክንያት ከባድ ነው፤ ዋጋው ራሱ አይረጋም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ክር፣ ጨርቅና ጌጥ የሚጠቀም ልብስ ሰፊ ባለፈው ወር የጻፈውን ዋጋ በዚህ ወር ለመድገም ይቸገራል። ለዚህ መድኃኒቱ ዋጋውን ከነዕድሜው መጻፍ ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 15 የጸና ነው» የሚል አንድ መስመር ነጋዴውን ከአሮጌ ዋጋ ክርክር ያድነዋል፤ እግረ መንገዱንም ሲያመነታ ለነበረው ገዢ የሚወስንበትን ቀን ያስቀምጥለታል።

ሦስተኛው፣ አንድ ቀሚስ አንድ ዋጋ የለውም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጨርቁ መነን ነው ወይስ ሽፎን፣ ጥለቱ ምን ያህል ስፋት አለው፣ ጥልፉ በእጅ ነው ወይስ በማሽን፣ ነጠላው አብሮ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ሁሉ ዋጋውን ያንቀሳቅሰዋል። ለሙሽራና ለሚዜ የሚሰፋ ሙሉ ልብስ ደግሞ ሳይነጋገሩ ዋጋ አይቆረጥለትም። ለእነዚህ መነሻውንና ከፍተኛውን ዋጋ ጽፎ፣ ከታች ዋጋውን የሚጨምሩትን ነገሮች በሁለት መስመር መግለጽ በቂ ነው። ይህን አንብቦ የሚጽፍ ሰው አቅሙን አውቆ የመጣ ስለሆነ ውይይቱ የሚጀመረው ከልኩና ከቀኑ ነው።

ሕጉም ከግልጽነት ጎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ድንጋጌው የተጻፈው መደርደሪያ ያለውን ሱቅ በማሰብ እንደሆነ ቢታወቅም፣ መደርደሪያው ወደ ስልክ ስለተሻገረ የሸማቹ መብት ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ መከራከር ይከብዳል።

በርና መደርደሪያ

ከውስጥ መስመር የተረፈው ሰዓት ወዴት ይዙር? እዚህ ላይ መድረኮቹ በአሠራራቸው እንደማይመሳሰሉ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ሁሉንም እኩል መመገብ ሰዓት የሚባክንበት ሌላው መንገድ ነውና። የቴሌግራም ቻናል የተለጠፈውን ሁሉ ለተመዘገበው ሰው በቅደም ተከተል ያደርሳል፤ መሐል ገብቶ ይህ ይታይ፣ ያ ይቅር የሚል መራጭ የለበትም። ስለዚህ ቻናሉን አስቀድሞ ለሚያውቅ ደንበኛ ከቴሌግራም የተሻለ መደርደሪያ አይገኝም። ድካሙ ግን አዲስ ሰው በራሱ የማያመጣ መሆኑ ነው። ቲክቶክ በተቃራኒው አንድን ቪዲዮ ገጹን ሰምተው ለማያውቁ ሰዎች ያሳያል፤ የሰዉን ስሜት ከያዘ መቶ ተከታይ ያለው ሱቅ ሥራ በብዙ ሺህ ሰው ሊታይ ይችላል። እነዚያ ሺዎች ግን ነገ ተመልሰው እንዲያዩት የሚያደርግ ዋስትና የለም። ፌስቡክ ደግሞ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከገጾች ይልቅ የዘመድና የወዳጅ ጽሑፎችን እንደሚያስቀድም ካስታወቀ ወዲህ፣ የንግድ ገጽ ያለ ክፍያ ለተከታዮቹ እንኳ በሙሉ እንደማይደርስ የታወቀ ሆኗል።

ከዚህ የሚወጣው ስልት ቀላል ነው፤ አንድ በርና አንድ መደርደሪያ ይበቃል። ለሐበሻ ልብስ ሱቅ በሩ ቲክቶክ፣ መደርደሪያው ቴሌግራም ሊሆን ይችላል። በበሩ የሚታየው ሥራው ነው፦ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ ጥለቱ ክር በክር ሲወጣ፣ ሙሽራዋ የተጠናቀቀውን ልብስ ስትለካ። አብዛኞቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከጋሞ አካባቢ የመጡ፣ ሙያውን ከአባት የወረሱ ናቸው፤ የእጃቸው ሥራ ያለ ብዙ ማሳመሪያ ራሱ ይታያል። በመደርደሪያው ላይ የሚቀመጠው ግን ዋጋ፣ የጨርቅ ዓይነት፣ ልክ አወሳሰድ፣ አድራሻና የክፍያ መንገድ ነው፤ እነዚህም በቻናሉ አናት ላይ ተሰክተው በሚቆዩ አንድ ወይም ሁለት መልእክቶች ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ኢንስታግራሙና ፌስቡኩ መዘጋት የለባቸውም፤ ለሁለቱ የተለየ ሥራ መሥራት ግን አያስፈልግም፣ በቲክቶክ የወጣውን ቪዲዮ መድገም ይበቃቸዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው የቀረጻ ሥራ በየቀኑ መሠራት የለበትም። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በሱቁ ደጃፍ ላይ ስምንት አሥር ልብስ ቢነሣ የሳምንቱ ስንቅ ይሆናል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ፎቶን በቀለም ማሳመሪያ መነካካት በሐበሻ ልብስ ንግድ ላይ ከሚመስለው በላይ ጉዳት ያደርሳል። በፎቶ ላይ ወርቃማ የመሰለው ጥለት በእጅ ሲያዝ ቢጫ ሆኖ ሲገኝ የሚነሣው ክርክር ፎቶውን ለማሳመር ከዋለው ጊዜ አሥር እጥፍ ይወስዳል፤ ልብሱ ውጭ አገር ከተላከ በኋላ ከሆነ ደግሞ መመለሻም የለው።

የቀን መቁጠሪያው ከሸማኔው ይነሣል

ስለ መለጠፊያ ጊዜ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሣው «ስንት ሰዓት ላይ ብለጥፍ ይታይልኛል?» የሚለውን ነው። ለልብስ ሰፊ ግን ከሰዓቱ በፊት ወሩ ይቀድማል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው አባባል የዚህን ንግድ ጠባይ ባጭሩ ይናገራል፤ ፍላጎቱ በዓልን ተከትሎ ይመጣል፣ በዓሉ ሲያልፍም ይተኛል። በእጅ የሚሸመንና የሚጠለፍ ልብስ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ በጥምቀት ዋዜማ የሚለጠፍ የጥምቀት ቀሚስ ላይክ እንጂ ቀብድ አያመጣም። የማስተዋወቂያው ቀን የሚገኘው ከበዓሉ ወደ ኋላ በመቁጠር ነው፤ ሸማኔው ሦስት ሳምንት፣ ጥልፉና ስፌቱ ሁለት ሳምንት የሚፈልጉ ከሆነ ለጥር 11 የሚሆነው ልብስ ትእዛዙ በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መዘጋት አለበት፣ እንዲዘጋም ኅዳር ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 መግባቱም ያግዛል፤ ሠርግ በሌለበት በዚያ ወቅት የጥር ሙሽሮች የሚዜዎቻቸውን ልብስ የሚያማርጡበት ጊዜ ነውና። ዐቢይ ጾምም እንደዚሁ ነው። ሃምሳ አምስቱ ቀን ለፋሲካ ልብስና ከፋሲካ በኋላ ለሚደገሰው ሠርግ የሥራ ወቅት ነው፤ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ገጹን የሚተው ነጋዴ ትእዛዙ የሚሰበሰብበትን ጊዜ ይተዋል። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ ሐምሌ ላይ መጀመር ይገባል፤ ያን ጊዜ ለእረፍት የመጣውን የዳያስፖራ ደንበኛ ልክ በአካል መውሰድ ስለሚቻል በስልክ የሚደረገው የልክ ክርክር ይቀራል። ሙስሊም ደንበኞች ያሉት ሱቅ የረመዳንና የኢድ ቀኖች በየዓመቱ እየቀደሙ እንደሚመጡ አስቦ መቁጠሪያውን በየዓመቱ ያስተካክላል።

እንዲህ ያለ የዓመት መቁጠሪያ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎም ሸማኔው፣ ጠላፊዋና ቪዲዮ የምትቀርጸው እህት በአንድ ቀን ላይ እንዲስማሙ ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይመጣል። የስልክን መልእክት እንደመጣ መመለስ ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን ልክ በመውሰድ መሐል ሦስት ጊዜ ስልኳን የምታነሣ ባለሙያ ሁለቱንም ታበላሻለች። በቀን ሁለት ቋሚ የመልስ ሰዓት መወሰን ይሻላል፣ የሚወሰነውም ገዢው ባለበት ቦታ ነው። ዋሽንግተን በበጋዋ ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዓት፣ በክረምቷ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በእኛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተላከ መልስ እዚያ የሚደርሰው ለእኩለ ሌሊት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሰው ገና ሳይተኛ ነው። በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ደግሞ እዚያ የምሳ ሰዓት አካባቢ ነው። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ነው የምትቆጥረው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ በሁለቱም ከተሞች ምሽት 2 ሰዓት ብዙ ሰው ከሥራ የገባበት ነው፣ የአዲስ አበባ ደንበኛም እንዲሁ። እንግዲህ ጠዋት 12 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ በሚሰጥ መልስ አብዛኛው ደንበኛ ይሸፈናል፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከሜሪላንድ የሚመጣውን መልእክት በእንቅልፍ ዓይን መመለስ አያስፈልግም። ቀሪውን ክፍተት ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ዋትስአፕ ቢዝነስ በሚልከው የቆይታ መልእክት መሸፈን ይቻላል፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንመልሳለን፣ እስከዚያ ዋጋውንና የልክ አወሳሰዱን እዚህ ይመልከቱ» የሚል ሁለት መስመር ገዢውን ከመጠራጠር ያድነዋል።

ለወደፊት ሰዓት አስቀምጦ መለጠፍም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ መልእክቱ የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ለመወሰን ያስችላል፤ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ሜታ ቢዝነስ ስዊት ይህንኑ በነፃ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፣ እሱም የእኛው ነው፤ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የምሽቱን 2 ሰዓት 2:00 ብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ማስታወቂያውን ሌሊት ወይም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይለቅቀዋል። ምሽት 2 ሰዓት ለስልኩ 20:00 ነው።

የማን ገጽ ነው?

ለማስታወቂያ መክፈል የሚፈልግ የአገራችን ነጋዴ የሚገጥመው ችግር ከሌላው አገር ይለያል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም በመሆኑና አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ ለዚያ የሚሆን ካርድ ስለሌለው፣ «ቡስት እናደርጋለን» የሚሉ አገናኞች በብር ተቀብለው ይከፍሉለታል። አገልግሎቱ በራሱ ነውር የለበትም። አደጋው አገናኙ ሥራ ለማቅለል ብሎ ገጹን በራሱ ስም ሲከፍት ወይም የይለፍ ቃሉን ሲይዝ ነው። በመሐል ጠብ ቢነሣ ነጋዴው ለዓመታት የሰበሰበውን ተከታይና የደንበኛ መልእክት በአንድ ቀን ያጣል። ስለዚህ ገጹ በባለቤቱ አካውንት ሥር ተከፍቶ አገናኙ የማስታወቂያ ሥራ ብቻ የሚሠራበት የተወሰነ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ ያለ ክፍያ ሰው ያላየውን ቪዲዮ በክፍያ መግፋት አብዛኛውን ጊዜ አይክስም፤ ራሱ ብዙ ጥያቄ ያመጣውን መርጦ፣ ከበዓሉ አምስት ስድስት ሳምንት አስቀድሞ ማስተዋወቅ ግን ሊያዋጣ ይችላል።

ከአገናኝ የሚበልጥ ስጋትም አለ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው አምስት ወር ያህል እንደቆዩ የሚዘነጋ የለም። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ቪፒኤን መጠቀም የቻለው ሰው በቪፒኤን አለፈ፤ ሁሉም ደንበኛ ግን ቪፒኤን አይጭንም፣ የሚጭነውም ለልብስ ግዢ ብሎ አይደለም። ንግዱን በሙሉ በአንድ ቻናል ላይ ያቆመ ሰው ያኔ ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ እንኳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ቀብድ የከፈለን ደንበኛ ስም፣ ስልክና ልክ በደብተር መያዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ መድረኩ ቢዘጋ በአጭር መልእክት ወይም በስልክ ሊገኝ ይችላል፣ ልኩ ስለተያዘም ሁለተኛው ትእዛዝ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ደብተሩ የሰው አደራ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ስልክ ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት ከይሉኝታ ባለፈ የሕግ ጥያቄም ያስነሣል።

የዚያው ደብተር ሌላ ገጽ ለመለኪያ ይሁን። ተከታይ ስንት ደረሰ የሚለውን ስልኩ ራሱ ይናገራል፣ ቀብድ የከፈለው ሰው ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። «ከየት አገኙን?» ብሎ ጠይቆ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ የሰው ጥቆማ ወይም መንገድ ላይ ብሎ መጻፍ አሥር ሰከንድ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቀብድ ከከፈሉት አርባ ሰዎች ሃያ ሁለቱ በቀድሞ ደንበኛ ጥቆማ የመጡ ሆነው ቢገኙ፣ ለምሳሌ፣ ለአዲስ ቪዲዮ ከሚውለው ሰዓት የተወሰነውን ልብሱን ለተረከቡ ደንበኞች ደውሎ «እንዴት ሆነልሽ?» ለማለት ማዋሉ ይሻላል ማለት ነው።

ክፍያ የማረጋገጡ ሥራም በሰዓት ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ከተጀመሩ ወዲህ ቀብድ መቀበል እጅግ ቀልሏል፤ ያንኑ ያህል በስልክ የተቀነባበረ የደረሰኝ ምስል መላክም ቀልሏል። የተላከውን ምስል አይቶ ሥራ መጀመር አይገባም፤ የሚታየው የራስ ሒሳብ ነው፣ ገንዘቡ መግባቱም እዚያ ይረጋገጣል። ይህን በምሽቱ የመልስ ሰዓት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማድረግ ይቻላል፤ ለደንበኛውም «ክፍያዎ ሲረጋገጥ በዛሬው ምሽት እናሳውቅዎታለን» ማለት ቅር አያሰኝም።

በመጨረሻ ብዙ ሱቅ ውስጥ የማየው ችግር ሥራው ለእህት ወይም ለረዳት ሲሰጥ የሚነሣው ነው። ልጅቷ ስልኩን ትይዛለች፣ ሥልጣኑ ግን አብሯት አይሄድም። ደንበኛ «ትንሽ ቀንሱልኝ» ሲል ትጠይቃለች፤ «ለቅዳሜ ይደርሳል?» ሲል ትጠይቃለች፤ ባለሱቋም ልክ እየወሰደች ራሷን እያዞረች ትመልሳለች። በዚህ መንገድ ሁለት ሰው የአንድ ሰው ሥራ ይሠራል። ለረዳቷ በጽሑፍ መሰጠት ያለበት ለእያንዳንዱ ልብስ ልትወርድበት የምትችለው የመጨረሻው ዋጋ፣ ሳትጠይቅ ቃል ልትገባበት የምትችለው የቅርቡ የማስረከቢያ ቀን፣ እንዲሁም ለባለሱቋ ብቻ የሚቀሩ ጉዳዮች ናቸው፤ የሙሽራ ልብስ፣ የውጭ አገር ጭነትና የልክ ቅሬታ። የቀረውን ልጅቷ ትጨርሰው፤ አንዳንዴ መቶ ብር አብዝታ ብትቀንስም እንኳ።